ስለ ጣት ሎሚ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከወገቡ ቆርጠው በሁለት ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት ጭማቂ አይንጠባጠብም። ጥቃቅን የብርጭቆ ዶቃ የመሰሉ ነገሮች እርስ በርስ እየተገፋፉ ይወጣሉ፤ ሳህን ላይ ሲያርፉም ቅርጻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ መጠየቅ ይጀምራል፤ ጥያቄውም ከአንዱ ጠያቂ ወደ ሌላው ብዙ አይለያይም። ደጋግመው የሚነሡትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጣት ሎሚ ምን ዓይነት ተክል ነው?

በምሥራቅ አውስትራሊያ፣ የኩዊንስላንድ ደቡብ ምሥራቅና የኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜን ምሥራቅ በሚገናኙበት የባሕር ዳርቻ አካባቢ ባለው የዝናብ ደን ውስጥ የሚበቅል እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ ሆነው ፀሐዩን ሲሻሙ እሱ ከሥራቸው፣ በቅጠል መሃል ሾልኮ በሚደርሰው ብርሃን ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ሜትር ይረዝማል፤ አንዳንዱ ዛፍ ለመባል ይበቃል። ቅጠሉ ከ1 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን እሾሁ እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ትንንሽ ቅጠል ባለው ቅርንጫፍ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እሾሁ ነው። አበባው ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ፣ ፍሬው ደግሞ የሰው ጣት የሚያህልና የሚመስል ነው። አብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ አልፎ አልፎ 12 የሚደርስ አለ፣ ጎበጥ ያለም አይጠፋም። ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው።

ለመሆኑ ሎሚ ነው?

የሎሚ፣ የብርቱካንና የመንደሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሲትረስ አውስትራላሲካ ሲሆን በ1858 ይህን ስም የሰጠው ሜልቦርን ይሠራ የነበረው ጀርመን ተወላጁ የዕፅዋት ተመራማሪ ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ነው። በ1915 አሜሪካዊው ዋልተር ስዊንግል ተክሉ ከሌሎቹ ለየት ይላል ብሎ ማይክሮሲትረስ ወደሚባል የተለየ ወገን አዛወረው። በ1998 ደግሞ ዴቪድ ማበርሊ የአውስትራሊያዎቹን ሎሚዎች ወደ ቀድሞው ወገናቸው መለሳቸው። ሁለቱም ስሞች ዛሬም በጽሑፍ ስለሚገኙ ሁለት ተክሎች እንዳይመስልዎት።

የዘር ሐረጉ ከአገር ቤት የወጣው ቀደም ብሎ ነው። በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት የሎሚና የብርቱካን ወገን መነሻ የሂማላያ ተራሮች ደቡብ ምሥራቃዊ ግርጌ መሆኑን፣ የአውስትራሊያው ቅርንጫፍም የዛሬ 4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተለይቶ መሄዱን ያሳያል። ስለዚህ የጓሮ ሎሚ በሰው እጅ ሲዳቀልና ሲለመድ በኖረበት ዘመን ሁሉ ጣት ሎሚ ከዘመዶቹ ባሕር ተሻግሮ፣ በራሱ ደን፣ በራሱ መንገድ ሲሄድ ነበር። ከታች የሚነሡት አብዛኞቹ ጥያቄዎች፣ እሾሁም፣ ዝግታውም፣ በሽታ መቋቋሙም፣ መልሳቸው ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይወድቃል። ተክሉ የዱር ነው፤ ጠባዩም ገና የዱር ነው።

ጣት ጣት የሚመስል ነገር የሚያወጣው ቢጫ ትርንጎ ይሄ ነው?

አይደለም። እሱ ጫፉ እንደ እጅ ጣቶች የተከፋፈለና «የቡድሃ እጅ» የሚባል የእስያ ትርንጎ ነው፤ ውስጡ ጭማቂ የለውም። በጣት ሎሚ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ራሱን የቻለ አንድ ጣት ነው።

ዶቃዎቹ ምንድን ናቸው? ለምንስ አይፈስሱም?

አንድ ተራ ብርቱካን ፈልቅቀው የአንዱን ክፋይ ስስ ሽፋን ቢገፍፉ ውስጡ በጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ሆኖ ያገኙታል። ጭማቂው ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። የብርቱካኑ ከረጢቶች ረዘም ብለው፣ ጫፋቸው ሾጥጦ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ስለሚኖሩ ቢላዋ ሲያርፍባቸው ይቀደዱና ጭማቂው ይፈስሳል። ጣት ሎሚም ያለው ያንኑ ከረጢት ነው። ልዩነቱ ቅርጹና አቀማመጡ ላይ ነው፤ ከረጢቶቹ ክብ ናቸው፣ ግድግዳቸው ጠንከር ያለ ነው፣ አንዱ ከሌላው ጋር አልተጣበቀም። ጠባብ በሆነው ልጣጭ ውስጥ ታጭቀው ስለሚያድጉ ፍሬው ሲቆረጥ የታመቀ ነገር እንደተለቀቀ ራሳቸው ገንፍለው ይወጣሉ።

አንዱን በጥርስ ሲነክሱት «ጧ» ይልና ጭማቂው ያን ጊዜ ይለቀቃል። በሙሉ ማንኪያ ሲበሉት አፍ ውስጥ ተራ በተራ ስለሚፈነዱ ኮምጣጣነቱ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ብልጭ ድርግም ይላል። የምግብ ባለሙያዎች ከዓሣ እንቁላል ጋር አመሳስለው «የሎሚ ካቪያር» ይሉታል። ለገበያ የሚመች ስም ነው፤ ለእኔ ግን ሮማን ፈልፍሎ የበላ ሰው ከካቪያሩ ይልቅ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል።

ከባሕር አረም በሚወጣ ማያያዣ ጭማቂን አድበልብሎ የሚሠራ ሰው ሠራሽ «የሎሚ ዶቃ» በአንዳንድ ገበያ እንዳለ ይወቁ። መለየት አያስቸግርም። ሰው ሠራሹ ሁሉም አንድ ልክ፣ ሁሉም ፍጹም ክብ ነው። የተክሉ ግን አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር ተገፋፍቶ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በመሃሉም ትንንሽ ዘር አይታጣም።

ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?

የልጣጩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ፣ አልፎም ጥቁር የሚመስል ሊሆን ይችላል። የውስጡ ደግሞ እንደ ውኃ የጠራ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ቀይ። ሁለቱ ግን አይመሳከሩም። ጥቁር ልጣጭ ያለውን ከፍተው አረንጓዴ ዶቃ፣ አረንጓዴውን ከፍተው ሮዝ ሊያገኙ ይችላሉ። ሮዝና ቀይ ውስጥ ያለው ዓይነት በተለይ በታምቦሪን ተራራ አካባቢ የሚታወቅ ሲሆን የዕፅዋት ተመራማሪዎች «ሳንጉዊኒያ» የሚል ተጨማሪ ስም ሰጥተውታል፤ በላቲን ደም መሰል ማለት ነው።

ጣዕሙስ?

ኮምጣጣ ነው። አረንጓዴው ውስጥ ያለው እንደ ሎሚ ይበረታል፤ ሮዙና ቀዩ ለስለስ ይላሉ። ከሎሚ የሚለየው ከኋላ የሚመጣ የቅጠላ ቅጠል መዓዛ ስላለው ነው። ይህ መዓዛ የሚገኘው በተለይ ልጣጩ ላይ ነው። ጥፍርዎን ልጣጩ ላይ ጫን አድርገው ቢያሸቱት ሎሚ ብቻ አይሸትም፤ ወደ ናና የሚያደላ ቀዝቃዛ ሽታ ይቀላቀልበታል። ምክንያቱ ይታወቃል፤ በልጣጩ ዘይት ውስጥ አይሶሜንቶን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለ። ይህ ንጥረ ነገር የናና ዘመዶች የሚታወቁበት እንጂ በሎሚ ወገን ያልተለመደ ነው።

መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው?

«አገኘው» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይስማማኝም። ደኑ የቡንጃሉንግና የአጎራባች ነባር ሕዝቦች ምድር ነው። እነሱ ፍሬውን ለምግብነት፣ ጭማቂውንም ለቁስል ሲጠቀሙበት የኖሩት ፎን ሙለር የላቲን ስም ከማውጣቱ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡት አውሮፓውያን ሰፋሪዎችም ፍሬውን ወደዱት፤ ማርማላታ ሠሩበት፣ አንዳንዶቹ ደኑን ለእርሻ ሲመነጥሩ ይህን ቁጥቋጦ ነጥለው ይተዉ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ገደማ የአካባቢው ሰው ብቻ የሚያውቀው የዱር ፍሬ ሆኖ ቀረ። የንግድ እርሻ የተጀመረው በ1990ዎቹ የአውስትራሊያ ምግብ ቤቶች ለአገር በቀል ምግቦች ፊታቸውን ሲመልሱ ነው። ከምርቱ የሚገኘው ገንዘብ ግን በአብዛኛው ወደ ነባሮቹ ሕዝቦች እጅ አይገባም፤ በአገሪቱ የዱር ምግብ ንግድ ላይ ሲነሣ የኖረ ቅሬታም ይኸው ነው።

ማካዳሚያ የተባለው ለውዝ መሰል ፍሬም የዚሁ ደን ልጅ መሆኑን ልብ ይበሉ። እሱን ትልቅ የንግድ ሰብል አድርጋ ለዓለም ያስተዋወቀችው አውስትራሊያ ሳትሆን ሃዋይ ናት። የአውስትራሊያ ገበሬዎች ስለ ጣት ሎሚ ሲያወሩ ይህን ታሪክ የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ ካሊፎርኒያና ስፔንም ጣት ሎሚ ያመርታሉ።

በዱር ውስጥ አሁንም አለ?

አለ፤ መኖሪያው ግን እጅግ ተመናምኗል። በሰሜን ኒው ሳውዝ ዌልስ «ቢግ ስክረብ» የሚባል ደን ነበር። ስሙ ሲተረጎም «ትልቁ ቁጥቋጦ» ቢሆንም ግዙፍ ዛፎች የሞሉበት፣ ወደ 75,000 ሄክታር የሚጠጋ፣ በአውስትራሊያ ከነበሩት የቆላ ከፊል ሐሩራማ የዝናብ ደኖች ሁሉ ትልቁ ነበር። ከ1840ዎቹ ጀምሮ በመጀመሪያ ለቀይ ዝግባ እንጨት ሲሉ ቆራጮች ገቡበት፤ ቀጥሎ ሰፋሪዎች ለእርሻና ለወተት ከብት መሬቱን መነጠሩት። 1900 ላይ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም ነበር። ያም አንድ ቦታ ያለ ደን አይደለም፤ በየእርሻው መሃል እንደ ደሴት የተበታተነ ቁርጥራጭ ነው። በ2011 የአውስትራሊያ መንግሥት የዚህን ዓይነቱን የቆላ ደን በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ መዝግቦታል።

ለአንድ አብቃይ ይህ ምን ያገባዋል? በእርሻ የሚገኙት ዓይነቶች በሙሉ የተመረጡት ከጥቂት የዱር ቁጥቋጦዎች ነው። ነገ አዲስ በሽታ ወይም አዲስ የአየር ጠባይ ቢመጣ የሚፈለገው ባሕርይ ያለው ገና ማንም ስም ባልሰጠው፣ ከአንዱ የደን ቁራጭ ጥግ በቆመ ቁጥቋጦ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዱር ደን ችግኝ ነቅሎ መውሰድ ነውር የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እንዴት ይበላል?

እንደ ብርቱካን አይላጥም። በስለታም ቢላዋ ወገቡ ላይ አግድም ይቁረጡት፤ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ያገኛሉ። ከዚያ የጥርስ ሳሙና እንደሚያወጡ ከተዘጋው ጫፍ ጀምረው ወደ ተቆረጠው አፍ ቀስ እያሉ ይጫኑ። አጥብቀው ከጨበጡት መራራው የውስጥ ግድግዳ አብሮ ይወጣል፤ ዶቃውም ግማሹ ይፈነዳል። ዘሮቹን በሹካ ጫፍ መልቀም ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ስሙን ያስጠራው ኦይስተር በሚባል፣ በዛጎል ውስጥ በሚኖር የባሕር እንስሳ ጥሬ ሥጋ ላይ ተነስንሶ ሲቀርብ ነው። በተጠበሰ ዓሣ፣ በአቮካዶ፣ በአይስክሬም፣ በክሬም ኬክ፣ በቀዝቃዛ መጠጥ ላይም ይሄዳል። መጠጥ ውስጥ ሲገባ ዶቃዎቹ ከጋዙ አረፋ ጋር ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ለዓይን ደስ ይላል። ቅባት ካለው ነገር ጋር የበለጠ ይስማማል፤ ስቡን እየቆረጠ አፍን ያጸዳል።

ማብሰል ይቻላል?

ማርማላታ ለመሥራት፣ አዎ። ዶቃውን እንደ ዶቃ ለመብላት ካሰቡ ግን እሳት አያስነኩት። ሙቀት ከረጢቱን ያፈነዳዋል፤ ከዚያ በኋላ በእጅዎ የሚቀረው ውድ የሎሚ ጭማቂ ነው። ምግቡ ከእሳት ወርዶ ገበታ ላይ ሊቀርብ ሲል ጣል ማድረግ ይበቃል።

ልጣጩስ ይበላል?

ይበላል። ተፍቆ ወይም ደርቆ ተፈጭቶ ለማጣፈጫ ይውላል። ዶቃውን ጨምቀው ልጣጩን የሚጥሉ ሰዎች የፍሬውን ግማሽ መዓዛ ነው የሚጥሉት።

ስንት ቀን ይቆያል?

ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት። ለረጅም ጊዜ ከፈለጉ ሙሉውን ፍሬ ሳይቆርጡ በረዶ ቤት ያስገቡት። ብዙ ፍሬ በረዶ ከነካው በኋላ ይላሽቃል፤ ጣት ሎሚ ግን ሲቀልጥ ዶቃዎቹ እንደነበሩ ናቸው ማለት ይቻላል። እንዲያውም እንደቀዘቀዘ ሲሰበር በቀላሉ ይፈለፈላል።

ያልበሰለውን ገዝቼ ቤት ውስጥ አብስለው ይሆን?

አይበስልም። ሙዝና ማንጎ ከተቆረጡ በኋላ ይበስላሉ፤ የሎሚ ወገን ግን ከቅርንጫፉ ከተለየ ያው ነው። ሳይበስል የተቀጠፈ ጣት ሎሚ ውስጡ ደረቅ፣ ዶቃውም እርስ በርስ የተጣበቀ ይሆናል። ቀለም አያታልልዎ፤ በእጅ ሲይዙት ሞላ ያለና ለመጠኑ ከበድ የሚል ይምረጡ። ዛፉ ካለዎት ደግሞ መፈተኛው ቀላል ነው፤ በቀስታ ሳብ ሲያደርጉት ያለ ትግል ከለቀቀ በስሏል፣ ከታገለ ይተዉት።

ለምን ውድ ሆነ?

ምክንያቱ እሾሁ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ፍሬው በማሽን አይለቀምም፤ አንድ በአንድ፣ በእጅ፣ በጓንት ነው። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይደርስም ለቃሚው እየተመላለሰ ያንኑ እሾህ ይጋፈጣል። ጉዳቱም በሰው ላይ ብቻ አይደለም። ነፋስ ቅርንጫፉን ባወዛወዘ ቁጥር እሾሁ የራሱን ፍሬ ይቧጭራል፤ የተቧጨረው ልጣጭ ጠባሳ ያወጣና በአንደኛ ደረጃ አይሸጥም። በዚህ ላይ ተክሉ ዝግተኛ ነው። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ ያብባል፤ ካበበውም አብዛኛው ይረግፋል፤ የያዘው ለመብሰል አምስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። የአውስትራሊያ ዋና የለቀማ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት መሆኑም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከዘር ላበቅለው እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ትዕግሥት ካለዎት። ከዘር የበቀለ ጣት ሎሚ ለማፍራት ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። ሮዝ ፍሬ ዘርቶ አረንጓዴ መልቀም ያጋጥማል። ስለዚህ አብቃዮች የሚመርጡት የተከተበ ችግኝ ነው፤ ማለትም ከታወቀ ዛፍ የተወሰደ ቀንበጥ በሌላ ጠንካራ የሎሚ ዘመድ ሥር ላይ ተያይዞ የተዘጋጀ። እንዲህ ያለው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ፍሬ ማሳየት ይጀምራል። ስም ወጥቶላቸው ከሚሸጡት ዓይነቶች መካከል «ሬይንፎረስት ፐርል»፣ «አልስተንቪል» እና «ፒንክ አይስ» ይገኙበታል።

ችግኜ ጥሩ አደገ፤ ግን ቅጠሉ ተለወጠ፣ ፍሬም የለውም። ምን ሆነ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሳላየው የምገምተው ነገር አለ። ለሥር የሚመረጠው ተክል ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ቅጠሉ ብርቱካን ወይም የእሱ ዲቃላ ነው። ከተከተበበት ጠባሳ በታች የወጣ ቀንበጥ የሥሩ እንጂ የጣት ሎሚው አይደለም፤ ጉልበቱም ስለሚበልጥ ቶሎ አድጎ የላይኛውን ያፍነዋል። ወደ ግንዱ ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ በአንድ ዘንግ ላይ የተያያዘ ከሆነ ሲያሳድጉ የከረሙት ሥሩን ነው። ከመነሻው ይቁረጡት፤ እንዳይደገም በየጊዜው ይቃኙ።

ምን ዓይነት ቦታ ይፈልጋል?

የደን ልጅ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ውኃ የማያቋርና ትንሽ አሲዳማ አፈር፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ፣ ግማሽ ቀን ያህል ፀሐይ ይስማማዋል። ሙሉ ፀሐይም ይችላል፣ የሚያስፈራው ነፋሱ ነው። ሥሩ ከመሬት ብዙ ስለማይጠልቅ ዙሪያውን መኮትኮት ሥር መቁረጥ ነው፤ ከመኮትኮት ይልቅ ጉዝጓዝ ያልብሱት፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ማዳበሪያ አያብዙ፤ ከመጠን በላይ የጠገበ ቁጥቋጦ ረጃጅም ቀንበጥና እሾህ እንጂ ፍሬ አይሰጥም። የደረጀ ተክል ቀላል ውርጭ ይቋቋማል፣ ለጋው ግን ይቃጠላል። በትልቅ የአበባ ማሰሮም ይሆናል፤ የማሰሮው አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ በተለይ በአበባ ጊዜ ውኃ እንዳይጓደልበት፣ አለዚያ ያበበውን ሁሉ ያረግፋል።

ቅርንጫፉ ላይ እብጠት ወጥቷል። በሽታ ነው?

የተርብ ሥራ ነው። አንዲት ሦስት ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጥቁር ተርብ በአውስትራሊያ የፀደይ ወራት በለጋ ቀንበጥ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጮቹ ውስጥ ውስጡን ሲያድጉ ቅርንጫፉ በዙሪያቸው ያብጣል። በዓመቱ ቀዳዳ እየበሱ ይወጣሉ። እብጠቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ካዩ ባለቤቶቹ ሄደዋል፤ መቁረጡ ብዙ አይጠቅምም። ቀዳዳ ከሌለው ግን ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ቆርጠው ያስወግዱት፤ መሬት ላይ ከጣሉት ከተቆረጠው እንጨትም ወጥተው ይበራሉ።

ይህች ተርብ የብርቱካንና የሎሚ ገበሬዎች ጠላት ተብላ ትታወቃለች፤ የጥንት መኖሪያዋ ግን ጣት ሎሚ ነው። ከደኑ ወጥታ በየጓሮው ወደተተከሉት ሎሚዎች ተሻገረች፤ ከዚያም እየተዛመተች ሜልቦርን፣ አዴሌይድና ፐርዝ ደረሰች። ጣት ሎሚ ከእሷ ጋር ለረጅም ዘመን ስለኖረ ጥቂት እብጠት አይገድለውም።

ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ይንቀሳቀሳል።

የቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው። ወፍ እንዳይበላው ኩስ መስሎ ያድጋል፤ ሲነካ ከራሱ ጀርባ ቀይ ቀንድ መሳይ ነገር አውጥቶ የሚከረፋ ሽታ ይለቃል። ችግኙ ትንሽ ከሆነ በእጅ እያነሡ ወደ ሌላ ቅጠል ይውሰዱት፤ ትልቅ ከሆነ ይተዉለት። የሚወጣው ቢራቢሮ ለጥቂት ቅጠል የሚገባ ዋጋ ነው።

ሳይንቲስቶች ስለዚህ ቁጥቋጦ ይህን ያህል የሚያወሩት ለምንድን ነው?

በፍሬው ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ የብርቱካንን ዛፍ እየጨረሰ ያለ ሁዋንግሎንግቢንግ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ በቻይንኛ «የቢጫ ዘንዶ በሽታ» እንደ ማለት ነው። ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት ከዛፍ ወደ ዛፍ ታዛምተዋለች። የታመመ ዛፍ ቅጠሉ ዝንጉርጉር ይሆናል፣ ፍሬው አረንጓዴና ጠማማ ሆኖ ሳይበስል ይረግፋል፣ በመጨረሻም ይደርቃል። ፈውስ አልተገኘለትም። ፍሎሪዳ ውስጥ በሽታው የታየው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2003 እና 2004 ወቅት ግዛቲቱ ከ240 ሚሊዮን ሣጥን በላይ ብርቱካን አምርታ ነበር። በ2022 እና 2023 ወቅት ምርቱ ከ16 ሚሊዮን ሣጥን በታች ወረደ። በዚያ ዓመት የመታው አውሎ ነፋስም ድርሻ ነበረው፤ ዛፎቹን አስቀድሞ ያዳከመው ግን በሽታው ነው።

ተመራማሪዎች በፍሎሪዳ ለስድስት ዓመት የሎሚ ዘመዶችን በበሽታው መሃል ተክለው ሲከታተሉ የአውስትራሊያዎቹ ዝርያዎች ከሌሎቹ ተለይተው ጸንተው ቆሙ፤ ውጤቱ በ2016 ታተመ። ከዚያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ሃይሊንግ ጂን የምትመራው ቡድን ምክንያቱን ፍለጋ የጣት ሎሚን ዘረመል መረመረ፤ ባክቴሪያውን የሚገድል ፔፕታይድ የተባለ አጭር የፕሮቲን ቁራጭም አገኘ። ግኝቱ በ2020 ይፋ ሆነ፣ በ2021 ፒ.ኤን.ኤ.ኤስ. በተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ታተመ። የዚህ ፔፕታይድ ብልጫ ሁለት ነው። ባክቴሪያውን ራሱን ይመታል፤ የዛፉንም የመከላከል አቅም ያነቃቃል። ፀሐይና ሙቀት ቶሎ ከሚያበላሹት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በተለየ የእርሻ ሙቀትንም ይችላል። በቅጠል ላይ ሊረጭ ወይም በግንድ ሊወጋ እንዲችል ተደርጎ ተሞክሯል።

በሌላ በኩል አዳቃዮች ጣት ሎሚን ከብርቱካንና ከመንደሪን ጋር እያጋቡ ጽናቱን የወረሰ ጣፋጭ ፍሬ ለማግኘት ይደክማሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ እንደ አባቱ ጎምዛዛ ስለሚወጣ ደግሞ ደጋግሞ ማዳቀል ያሻል፤ እያንዳንዱ ዙር ደግሞ ዓመታት ይበላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሽታው እስካሁን አውስትራሊያ ውስጥ አልተገኘም። ማለትም ቁጥቋጦው የሚቋቋመው በአገሩ ገጥሞት የማያውቀውን ጠላት ነው።

በገበያ ያሉት «ቀይ» እና «ብርቱካንማ» የአውስትራሊያ ሎሚዎች ጣት ሎሚ ናቸው?

ልጆቹ ናቸው። ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. የተባለው የአውስትራሊያ የምርምር ተቋም ቀዩን ጣት ሎሚ ከመንደሪን ዓይነት ጋር አዳቅሎ «ብለድ ላይም» የተባለውን፣ ካላሞንዲን ከተባለው ትንሽ ጎምዛዛ የብርቱካን ዘመድ ጋር ደግሞ «ሰንራይዝ ላይም» የተባለውን አውጥቷል። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ የእናታቸው የሚፈነዳ ዶቃ ግን የላቸውም። ዶቃውን ፈልገው ከሆነ አይግዟቸው።

ለጤና ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው?

ቫይታሚን ሲ፣ ፎሌትና ፖታሲየም አለው፤ መጠኑ ከዓይነት ወደ ዓይነት በጣም ይለያያል። ይሁንና በአንድ ገበታ የሚበላው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ለጣዕሙ ይብሉት። አሲድ ስለሆነ የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

እሾህ የሌለው ዓይነት አለ?

እሾሁ የቀነሰ አለ፤ ጨርሶ የሌለው ብሎ የሚሸጥልዎትን ግን ቅርንጫፉን በእጅዎ ዳስሰው ይመኑት። በልጅነቱና ከዘር ሲበቅል እሾሁ ይበዛል፤ ሲያረጅ አዲስ የሚያወጣው ቀንበጥ እሾህ እያነሰው ይሄዳል። የቁጥቋጦውን መሃል ገረዝ አድርጎ ማሳሳት፣ ከታች ያሉትንም መሬት የሚነኩ ቅርንጫፎች ማንሣት ለለቃሚው እጅ መግቢያ ይሰጠዋል። እጅጌው እስከ ክርን የሚደርስ የቆዳ ጓንት ይግዙ። የጨርቁ አይረባም፤ እሾሁ በሽመናው መሃል ያልፋል።